አያ ሙሄ የቀመሱት ሾርባ

ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ምላስ ተሰጥቶት ሳለ፣ አንዱ ሚጥሚጣ እንደ ስኳር ሲልስ ሌላው ገና ከሩቅ ሲሸተው የሚያስነጥሰው ለምን ይሆን? ይህን የምጠይቀው ተመራምሬ አይደለም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የምጠይቀው በዚህ ነገር የተነሳ ልጄን ሳልድራት ልቀር ስለ ነበር ነው።

ሐይቅ ከተማ የምኖር፣ ባሌ የሞተብኝ፣ አንዲት ሴት ልጅ ያለችኝ ፈሪ ሴት ነኝ። ፈሪ ስል ለወግ ያህል አይደለም። የፈላ ውሃ ደግሜ አፈላለሁ። በር ቆልፌ ገበያ ስሄድ ከመንገድ ተመልሼ ቁልፉን እነካዋለሁ። ዓሣ ስበላ ሦስት ጊዜ እሾህ ፈልጌ ካጣሁ በኋላ፣ እንዴት ይጠፋል ብየ አራተኛ እፈልጋለሁ፤ ዓሣው ይበርዳል፤ ይብረድ። የሰፈራችን ሰው ልጁን ሐይቁ ውስጥ ዋና ሲያስተምር እኔ የእኔን ውሃ ዳር የወሰድኋት እጇን ጨብጬ ነው፤ ያውም እግሯን ሳታርስ መልሻታለሁ። ቃሪያማ እንኳን ልበላው፣ የምከትፈው ፊቴን አዙሬ ነው። ከዚያ እጄን በሳሙና ሦስቴ ታጥቤም እስኪመሽ ዓይኔን አልነካም።

ከእንዲህ ያለች ሴት ዘይነባ ተወለደች።

ጡት ላስጥላት ስል እናቶች እንደሚያደርጉት ጡቴን ቃሪያ ቀባሁት። ሌላ ልጅ አንዴ ቀምሶ፣ አልቅሶ ይተወዋል። እሷ ቀመሰች፤ ቆም አለች፤ ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ ገባችበት። ከዚያ በኋላ ሌላ ስምንት ወር ጠብታለች። ያን ቀን ያለቀሰች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ስሟን አልናገርም።

ዘይነባ አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ዳጣ በዳቦ ቀብታ ስትበላ አፍንጫዋ ላይ ላብ ይወጣል፣ ዓይኗ ይሞላል፣ ከዚያ ትስቃለች።

"ልጄ፣ ካቃጠለሽ ለምን ትበይዋለሽ?" እላታለሁ።

"ስለሚያቃጥለኝ ነዋ፣ እማየ።"

ይህ መልስ ነው? ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች ቁጭ ብላችሁ ብታዩ ግን እንደ እሷ ያለው ብዙ ነው። ከደሴ፣ ከወልድያ የመጣ መንገደኛ ዓሣ ያዝዝና "ዳጣው ይብዛ" ይላል። ይበላል፤ እንባው ይወርዳል፤ በናፕኪን ይጠርጋል። "ምነው፣ በዛብህ?" ሲሉት "አይ፣ ድገሚኝ" ይላል። እኔ በዚያ ሳልፍ ቆሜ አያለሁ። ሰው አልቅሶ የሚደግመው ነገር ልጅ መውለድና ዳጣ ብቻ ነው።

ምክንያቱን ያልጠየቅሁት ሰው የለም። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ "ልማድ ነው" አለችኝ። እኔና ዘይነባ ከአንድ ድስት ስንበላ ነው የኖርን፤ ታዲያ ልማዱን ከየት አመጣችው? የመስጊዳችን ሼኽ "ሪዝቅ ነው፣ አላህ ለአንዱ ማር ለአንዱ በርበሬ ያካፍላል" አሉኝ። ጎረቤቴ አስካለ "ደም ነው" አለች፤ "ደሟ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማሞቂያ ትፈልጋለች።" ዘይነባን አንድ ቀን ያየ ሰው ደሟ ቀዝቃዛ ነው አይልም።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው ባለፈው ረመዷን ነው። ጀማል የሚባል የውጫሌ ልጅ ዘይነባን ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ዓረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ፣ አሁን ውጫሌ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያለው ዝምተኛ ልጅ ነው። ዘይነባ ከእሱ በፊት የመጡትን ሁለት ሰዎች "አይሆኑኝም" ብላ መልሳለች። የጀማል ስም ሲነሳ ግን ዳጣውን አስቀምጣ ታዳምጣለች። ነገሩ የምር መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እናቱ እትየ ረውዳ ከልጃቸው ጋር መጥተው እኛ ቤት ሊያፈጥሩ ተቀጠረ። ማንም በአፉ አላለውም እንጂ ሁላችንም እናውቀዋለን። ማፍጠሪያው ካማረ ሽማግሌ ይመጣል። ካላማረ "ኢንሻአላህ እንገናኛለን" ይባልና ይቀራል። ዘይነባ ያን ሳምንት ሙሉ እቃ ስታጥብ ዝም ትል ነበር። ዝም ያለች ዘይነባ ደግሞ ከሚጥሚጣ በላይ ታስፈራኛለች።

በዚህ መሃል ከውጫሌ ገበያ የመጣች አንዲት ሽንኩርት ሻጭ "የረውዳ ቤት እኮ በርበሬ አይገባም፤ ጨጓራ ነው መሰል፣ አልጫ ብቻ ነው የሚበሉ" አለችኝ። ደስታየን ልደብቀው አልቻልሁም። በዚህ ዓለም አንድ የምችለው ነገር ቢኖር የማያቃጥል ምግብ መሥራት ነው። ሠላሳ ዓመት ስሠራው ስኖር የሚያመሰግነኝ አላገኘሁም። አሁን ከውጫሌ፣ ከዚያ ከአምባሰል አገር፣ አንዲት ሴት ልታመሰግነኝ ትመጣለች።

የአጃ ሾርባ በሥጋ ጣድሁ። ሳንቡሳውን በምስር ጠቀለልሁ።

ችግሩ ቅምሻው ነው። የጾመ ሰው ድስት አይቀምስም። ሼኹ "ለምትሠራ ሴት በምላሷ ጫፍ ነክታ መትፋት ይቻላታል" ይላሉ። ይቻል ይሆናል፤ ግን አንዲት ጠብታ አምልጣ ብትወርድብኝስ? ስለዚህ እኔና አስካለ የቆየ ዘዴ አለን። በረመዷን የእኔን ድስት የምትቀምሰው እሷ ናት። በሁዳዴ የእሷን ሽሮ የምቀምስላት እኔ ነኝ። በአጥሩ ላይ በማንኪያ እንቀባበላለን። ጎረቤት እሳትና ወንፊት ሲዋዋስ አይታችኋል፤ እኛ ምላስ እንዋዋሳለን።

ያን ዓመት ግን ረመዷንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገቡ። ቢሆንም በአጥሩ ላይ ጠራኋት።

"አስካልየ፣ ምላስሽን እስኪ አውሽኝ።"

"ድስቱ ምንድን ነው?"

"ሾርባ፤ ሥጋ ያለበት።"

"በሁዳዴ ሥጋ አስቀምሰሽ ከንስሐ አባቴ ልታጣይኝ ነው? የሳንቡሳሽን ምስር ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እቀምስልሻለሁ። ሾርባውን ግን በአፍንጫየ ብቻ ነው የማይልሽ።"

ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲጨንቅ ከቤቱ ሴቶች መካከል ጾም ያልያዛት አትጠፋም። እኔ ዕድሜየ አልፏል፤ ዘይነባም ያን ሳምንት ጿሚ ነበረች። ከዚህ በላይ አላብራራም፤ ሴቶች ገብቷችኋል።

በሰፈሩ የቀረ አንድ ምላስ የአያ ሙሄ ነው። አያ ሙሄ የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው። ስኳር ስላለባቸው ሐኪም እንዳይጾሙ ከልክሏቸዋል። ሽማግሌ ቢመጣ ተቀምጠው የሚያነጋግሩም እሳቸው ስለሆኑ ያን ዕለት ከቀትር ጀምሮ ቤታችን ነበሩ። ስለ ምላሳቸው ግን ሳልነግራችሁ አልቀጥልም። አያ ሙሄ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሚጥሚጣ በመድኃኒት ብልቃጥ ኪሳቸው ይዘው ነው የሚዞሩ። ሠርግ ቤት ወጥ ሲቀርብላቸው አውጥተው ይነሰንሱበታል። ወጡን የሠራችው ሴት ከሩቅ ስታያቸው የተሰደበች ያህል ይከፋታል።

ማንኪያውን ሰጠኋቸው። ቀመሱና ማንኪያውን አገላብጠው አዩት።

"የዘይነባ እናት፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሾርባ ነዋ፣ አያ ሙሄ።"

"ይሄ ሰው እጁን የታጠበበት ውሃ ነው።"

"ጨው አነሰው?"

"ጨውስ አለው፤ ነፍስ ነው የሌለው። የሚመጣው እኮ የአምባሰል ሰው ነው። ይህን አብልተሽ ነው ልጃችንን ውሰዱ የምትይ?"

ጠጋ ብየ "ሴትየዋ ጨጓራ አላቸው ይባላል" አልኋቸው።

"ማን አለ?"

"ገበያ ላይ።"

"ገበያ ላይ እኔም ሞቷል ተብያለሁ። ጨምሪ።"

አንድ ፍርሃት ሲሆን አውቅበታለሁ፤ አብሬው ኖሬአለሁ። ያን ዕለት ግን ሁለት ፍርሃት ግራና ቀኝ ያዘኝ። ሾርባው ቢያቃጥል ሴትየዋ ይታመማሉ፤ ባያቃጥል ቤታችን ይታማል። በርበሬ በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ ጨመርሁ። አያ ሙሄ ቀመሱ፤ "ገና ነው።" ደግሜ ቆነጠርሁ። "ገና።" ሦስተኛም እንዲሁ። አራተኛው ላይ "እህ፣ አሁን ድምፁ ተሰማ" አሉ። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ለአያ ሙሄ ድምፁ የተሰማ በርበሬ ለሌላ ሰው ጩኸት ነው።

ድስቱን ከድኜ የከሰዓቱን የዐሥር ሶላት ልሰግድ ገባሁ።

እኔ እየሰገድሁ ዘይነባ ወደ ኩሽና ገባች። የእናቷን እጅ ታውቀዋለች፤ ያ ሁሉ በርበሬ እንደተጨመረ ግን አላወቀችም። ለእኔ አዝና፣ ለራሷም ፈርታ፣ ሚጥሚጣውን አነሳች። እሷ ስትወጣ አስካለ በጓሮ በር ገባች፤ የሳንቡሳውን ምስር ቀምሳ "አምሯል" ልትለኝ ነው የመጣች። ሾርባውን ከፍታ በአፍንጫዋ ለካችው። የአስካለ አፍንጫ የታወቀ ነው፤ ወጥ ሊያርር ሲል ከሦስት ቤት በላይ ሆና ትሰማዋለች። ነገር ግን ያን ሰሞን ጉንፋን ይዟት ነበር። ምንም ሳይሸታት ቀረና "ምስኪን፣ በፍርሃት ባዶውን ተወችው" ብላ ቃሪያ ከተፈችበት።

ሦስታችንም ያደረግነው በፍቅር ነው። ወላሂ በጠላትነት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አያቃጥልም ነበር።

አዛን ሊል ሩብ ሰዓት ሲቀር ክዳኑን አነሳሁ። እንፋሎቱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ሳልሁ። ዘይነባ ሳሎን ሆና አስነጠሰች። አያ ሙሄ ከመቀመጫቸው "ይኸው፣ አሁን ሾርባ ሸተተኝ" አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

"ዘይነባ፣ ይህን ድስት ነክተሽዋል?"

"ትንሽ ሚጥሚጣ። አንድ ማንኪያ።"

"የትኛውን ማንኪያ?"

ጭልፋውን አሳየችኝ። እኔ ጭልፋውን ገና ሳልቀበላት አስካለ ከጓሮ በሩ ላይ ሆና "እኔማ አምስት ቃሪያ ብቻ ነው" አለች።

"ፍሬውን አውጥተሽ?"

"ፍሬው ከወጣማ ምኑን ቃሪያ ሆነ፣ ጎመን ነው እንጂ።"

ቃጠሎውን እንዲመጥልኝ ድንች ልልጥ ቢላዋ አነሳሁ፤ ቢላዋው ጠፋኝ፤ በእጄ ይዠዋለሁ። ውሃ ልጨምር ብል ድስቱ ጢም ብሏል። "እማየ፣ በቃ ሳንቡሳ ብቻ እናቅርብ" አለች ዘይነባ፤ ድምፅዋ ልማዷ ባልሆነ መንገድ ቀጠነብኝ። አየኋት። ቃሪያ ያላስለቀሳት ልጅ ልታለቅስ ነው። "እሺ፣ ሳንቡሳ ብቻ" አልኋት። ደጅ ላይ ባጃጅ ቆመ።

እትየ ረውዳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። ተምር በእጃቸው ይዘው ገቡና ከንግግር ይልቅ ዙሪያውን በዓይናቸው ይቃኙ ጀመር። ጀማል ከኋላቸው ጫማውን አውልቆ ለማን ሰላም እንደሚል ግራ ገብቶት ቆመ። በመጨረሻ ለምሰሶው ሰላም ያለ መሰለኝ። እንግዶቹ ገና ሳይቀመጡ አያ ሙሄ "እንኳን መጣችሁ። ዛሬ የዘይነባ እናት የሠራችው ሾርባ በዕድሜ አንዴ ነው የሚገኝ" አሉ። እንግዲህ ሾርባ አለ የተባለ እንግዳ ያለ ሾርባ አይሸኝም።

አዛን አለ። በተምርና በውሃ አፈጠርን። ሾርባውን በየሳህኑ ቀዳሁ፤ ለእትየ ረውዳ ግማሽ። ያቀረበ ሰው አብሮ ካልበላ ያስጠረጥራልና ለራሴም ቀዳሁ። ጭልፋውን በጀርባው ስነክር "ጾሙ አድክሟት ነው" አሉ አያ ሙሄ።

አንድ ማንኪያ ጎረስሁ። መጀመሪያ ምንም የለም፤ እንደ ጨዋ ሰው ዝም ብሎ ገባ። ከዚያ ጆሮየ ጮኸ። ምላሴ የት እንዳለ አጣሁት። በሕይወቴ የፈራሁት ሁሉ አንድ ላይ መጥቶ አፌ ውስጥ ተቀመጠ።

ጀማልን አየሁት። ሁለተኛው ማንኪያ ላይ ፊቱ እንደ ዛላ በርበሬ ቀልቷል። ግን አላስቀመጠውም። ይጎርሳል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይውጣል፤ ላቡን ይጠርጋል፤ ወደ ዘይነባ ያያል፤ ደግሞ ይጎርሳል። ያ ልጅ የእኔ ወገን ነው። እንደ እኔ ይፈራል፤ ግን እየፈራ ይበላል። ዘይነባ ተነስታ እርጎ በብርጭቆ ቀዳችና አጠገቡ አስቀመጠች። "በእኛ ቤት ይሄ ሾርባ በእርጎ ነው የሚወራረድ" አለች ረጋ ብላ። እንደዚያ ያለ ወግ በቤታችን ኖሮ አያውቅም። ልጄ ስትዋሽ ደስ ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

እትየ ረውዳ ግን ወደ ማንም አያዩም። አንገታቸውን ደፍተው፣ ማንኪያ በማንኪያ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሳያቋርጡ ጨረሱት። ሳህኑን አስቀመጡ። ግንባራቸው ላይ ላብ ተደርድሯል፤ ከዓይናቸው እንባ ይወርዳል። ገደልኋቸው ብየ ደመደምሁ።

"እትየ ረውዳ፣ ይቅር በሉኝ" አልሁ በተረፈኝ ምላስ። "ጨጓራችሁን ሳላስብ…"

"የምን ጨጓራ?"

"ጨጓራ አለባቸው ሲሉ…"

"ጨጓራው የባለቤቴ ነበር፤ አላህ ይዘንለት።" እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። "ሃያ ሁለት ዓመት እሱ የማይችለውን አልበላሁም። ለብቻየ እንዳልሠራ ሽታው ያስመኘዋል። ዘመዶቼ ዘንድ ሄጄ እንዳልበላ ደብቄው መስሎ ይከብደኛል። እሱ ሲሞት ደግሞ ይህ ልጅ በአባቱ ወጥቶ በርበሬ አይችል። ለአንድ ሰው ብየ ምን ድስት ልጣድ? ተውሁት።"

ጀማል ብርጭቆውን እንደያዘ "እማየ፣ እኔ እኮ አንቺ የማትወጅ መስሎኝ ነው" አለ።

"ልጅ ምን ያውቃል" አሉና ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፉ። "ድገሚኝ። ግማሽ አይደለም።"

አያ ሙሄ ብልቃጣቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ በአክብሮት፣ በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው። እትየ ረውዳ ተቀብለው ነሰነሱበት። ሁለቱ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ መድረሳ የተማሩ ይመስላሉ።

እኔ ተቀምጨ አያቸዋለሁ። ይህን ያህል ዘመን የበርበሬ ሰዎች ምላሳቸው የማይሰማ ይመስለኝ ነበር። ይሰማል። እትየ ረውዳ ከእኔ እኩል ነው የተቃጠሉ፤ ላቡም እንባውም አንድ ነው። እኔ ማንኪያ ሳነሳ የሚመጣውን እፈራለሁ። እነሱ የሚመጣውን ያውቁታል፤ እንደሚያልፍም ያውቃሉ፤ እያወቁ ወደ እሱ ይሄዳሉ። ይበልጥ የገረመኝ ግን ያ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። እንዲህ የሚወዱትን ነገር ለሰው ሲሉ ትተው፣ አንድ ቀን እንኳ "ትቼልሃለሁ" ሳይሉ መኖር። እኔ ለባሌ ምን ተውሁለት ብየ አሰብሁ። አንድ ነገር አልመጣልኝም፤ ቃሪያ እንዳልል ቀድሞም አልበላም።

እትየ ረውዳ ሁለተኛውን ሳህን ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"እንግዲህ እህቴ፣ ነገር አላበዛም። ቤቱን አየሁት። ልጅቱንም አየሁ፤ ያችን እርጎ ስታቀርብ አየኋት። ሽማግሌ ብልክ ትመልሽብኛለሽ?"

ለዚህ ጥያቄ ሳምንት ሙሉ መልስ ሳጠና ነው የሰነበትሁ። "የአላህ ፈቃድ ከሆነ፣ ከአጎቷ ጋር ተመካክረን" የሚል ጨዋ መልስ ነበረኝ። አፌን ከፈትሁ። ምላሴ አብጦ ሞልቶታል፤ እንባየ ግን በሁለቱም ጉንጬ እየወረደ ነው። በርበሬው ነው ልል እጄን ወደ አፌ አነሳሁ። እትየ ረውዳ ግን ሌላ ነገር አዩ። ተነስተው መጡና አቀፉኝ።

"አይዞሽ" አሉኝ። የእሳቸውም ጉንጭ እርጥብ ነበር። "ብቻሽን ያሳደግሻት ናት። ልጅ መስጠት እንዲህ ነው።"

በትከሻቸው ላይ ዘይነባን አየኋት። ጀማል አጠገብ ቆማ ባዶውን ብርጭቆ ተቀብላ አስቀመጠችና፣ በእርግጥ መጠጣቱን ልታይ ተመልሳ አነሳችው፤ ልክ እንደ እኔ።

"ይላኩ እንጂ፣ ይላኩ" አሉ አያ ሙሄ በእኔ ፈንታ።

አስካለ እርጎ አመጣችልኝ። እስከ ታች ጠጣሁት። አፌ ቀስ እያለ በረደ። ምላሴ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ጆሮየም ጸጥ አለ። እንባየ ግን አልቆመም።